ወለቃ ላይ የወለቀ

ሰሌዳው ወለቀ፣ ወለቃ መግቢያ ላይ፤
አስፋልት ዳር ወድቋል፣ ፊቱን ወደ ሰማይ።
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ኮከብ ጭምር ሥዬ፣
"ፈላሻ መንደር" ብዬ፤
ሦስት መቶ ብሬን ቆጥሬ ተቀብዬ።

ዘንድሮ አስጠሩኝ፣ ከነበርኩበት ፒያሳ፤
ብሩሼ በኪሴ፣ ቀለሜ በጣሳ።
አቶ ጀምበሩ፣ የማኅበሩ ሹም፣
"ስሙን እንዳትነካው፤ ፈረንጅ ሌላ አያውቅም፤
ስሙ ካልተጻፈ መኪናው አይቆምም"
አለኝና ሄደ።

ወይዘሮ ይታይሽ፣ ከጭቃዋ ሳትነሣ፣
አንገት ያልወጣለት ገንቦ ጭኗ ላይ እንዳለ፦
"'ስምን መልአክ ያወጣዋል' ትላላችሁ እናንተ፤
የዚህኛው መልአክ ማን ነው? አየኸው ወይ አንተ?
እናቴ ሌሊት፣ በሩን ዘግታ፣
'ቤተ እስራኤል ነሽ' ትለኝ ነበር፣ ጆሮ ያለውን ግድግዳ ፈርታ።
ገበያ ስንወርድ፣ ማሰሮ ተሸክመን፣
ሌላ ስም ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀን።
እኔስ ማንበብ አልችል፣ አይጎዳኝም ፊደል፤
የልጅ ልጄ ግን አለች፣ ሁለተኛ ክፍል።"

ዝም አልኩ። ጣሳዬን በቢላ ከፈትኩ።
እናቴ ከእነሱ እንስራ ስትገዛ
አንገቴ ላይ ያሰረችው ጤና አዳም ሸተተኝ።

ደግሞስ፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ፍልሰታን ስንጾም፣
እመቤታችንን "ፈለሰች" ስንላት
ቃሉ ክብር ነበር፤ መሬት ስመን ነበር የምንቆም።
እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሸበተ፣
ከዚሁ አፈር ድስት የሠራ ሰው፣
እርሱ ላይ ሲያርፍ ግን ያው ቃል ስድብ ሆነ።
ቤቱ ተቀምጦ "ሂያጅ" ስንለው፣
ስንለው፣ ስንለው፣
አንድ ቀን ስሙን ሰማው።
ብዙው ቤት ባዶ ነው።

ሁለት እጅ ነጭ ቀባሁ። "ቤተ እስራኤል" ብዬ ጻፍኩ።
አቶ ጀምበሩ አየና የቀረኝን ክፍያ ከለከለኝ።
የድሮው "ላ" ግን፣ ያ ረጅም እግሩ፣
ከነጩ ሥር ታየ።

ሦስተኛ እጅ ልደግም መሰላል ላይ ሳለሁ
አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ነጂው ጮኸ፦ "ፈላሻ! ወራጅ አለ?"
ወይዘሮ ይታይሽ፣ ከወዲያ፣
"አቤት!" አለች።
መልስ ይሁን አቤቱታ
እንጃ።
ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ ፊቷን አላየሁም።