የተዋሰው ስም

ሒሳቤ በፊደል ነው።
ረጅም ስም ያለው ሟች፣ ወራሹን ያስወጣል፤
አጭር ስም ያለው ግን፣ በርካሽ ይቀበራል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በኮርንዎል ዳርቻ፣
ፊደል ቆረጥኩ ከድንጋይ፣ ለሰው መሰናበቻ።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ዝናብ በሩን ሲመታ፣
ፒራን ማራክ ገባ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ በዝግታ።
ፊቱን ማን ያጣዋል? በአውቶቡስ ጎን የተሳለ፣
ንጉሥም ሽፍታም ሆኖ፣ ሺህ ጊዜ ሞቶ የበቀለ።
«ለአባቴ ነው» አለኝ። «ማራክ ብቻ በለው፤ ሙያውን ተወው።»
በእኛ አጻጻፍ ሰባት ፊደል ነው፤ ቆጠርኩለት፣ ከፈለው።

አባትየው ዴንዚል፣
በግጥም አገር የማረከ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ዝምታው የክረምት ባሕር፣
«ተዋናይ ማለት ደመወዝ ያለው ውሸታም ነው» ይል የነበር።
እዚህ መጠጥ ቤታችን፣ «የገጣሚው ልጅ» ነው ፒራን፤
ለንደን ላይ «የተዋናዩ አባት» ነበር ሽማግሌው፣ አሉን።
አንድ ስም ለሁለት ሰው፣ እንደ አንድ ካፖርት ነው በብርድ፤
አንዱ ሲደርበው፣ ሌላው በሸሚዝ ሲርድ።

ሄደ ብዬ ነበር፤ አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆመ፤
ከኪሱ ቲኬት አወጣ፣ ስም የታተመ።
«ሆስኪን፣ ሰባት ጊዜ መጥተህ አይተኸኛል ወይ?» አለኝ፤
«ይኸው ስምህ፤ የኋላው ረድፍ፣ ከምሰሶው ጀርባ።» ግራ ገባኝ።
እግሬ የታማርን ወንዝ ተሻግሮ አያውቅ፤
የማውቀው ቲያትር፣ ለገና በግ የሆንኩበት ነው፣ ያውም ሳልናገር፣ ሳልስቅ።
«ከየት አገኘኸው?»
«ከአባቴ ካፖርት፣ ከውስጠኛው ኪስ፤ ከትንባሆው ጋር።»
ሁለታችንም ዝም። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ነበር።

ለካ ያ ሽማግሌ፣ ትወናን ሲጠላ የኖረው፣
ሰባት ምሽት እኔን ሆኖ ተውኗል፣ ማንም ሳያውቀው፤
አምስት ሰዓት በባቡር ሄዶ፣ የኔን ስም ለብሶ፣
በልጁ ተማርኮ፣ በጨለማ አልቅሶ፣
በማግሥቱ ደጄ ሲያልፍ፣ «ዛሬስ ቀዝቅዟል» ይለኝ ነበር፣ ነገሩን አሳንሶ።

ልጁ ቲኬቶቹን አጣጠፈ፤ ስድስቱን ወሰደ፤
አንዱን ከመሮዬ አጠገብ ተወልኝ፤ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሰባቱን ፊደል ቀረጽኩ። ከበታቹ፣ ሳልታዘዝ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ባዶ ተውኩ።
በጥር ባቡር ያዝኩ፤ ወንዙን ተሻገርኩ።
ልጅቷ ከመስኮቱ ኋላ፣ «በማን ስም ልጻፈው?» ብትለኝ፣
«ማራክ» አልኳት፤ አፌ ቀደመኝ።
ቀና ብላ አየችኝ። «የተዋናዩ ዘመድ?»
«የለም» አልኩ። «ከምሰሶው ጀርባ፣ ከኋላው ረድፍ፣ አንድ።»