የተገለበጠ ኮት

ዕቁቡ ደረሰኝ በሐምሌ አጋማሽ፣
ዝናቡ ሲበረታ፣ መንገዱ ሲበላሽ።
ሲንጀሬን ሸፍኜ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንደረሳሁት፣
ሙአዝን አስከትዬ ሄርማታን ተሻገርኩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነው ልመናው፤
"አባ፣ ጌም ግዛልኝ"፣ ሌላ የለው ዜማው።
ከአወይቱ ማዶ፣ ከዚያ ጨለማ ቤት፣
በግጥሚያ አሥር ብር የከፈለውን ደምሬ ባየሁት፣
አንድ ሙሉ ዕቃ ገዝቷል፣
ቤቱ ግን አልገባም።

ፈረንጅ አራዳ ጫፍ፣ መስታወቱ የጠራ፣
አዲሱ ተቀምጧል በመብራት ሲያበራ።
ላስቲኩ አልተቀደደ፣ ማኅተሙ አልተነካ፤
"የአንድ ዓመት ዋስትና" ይላል ሻጩ፣ ካርቶኑን እየነካካ።
"ቢበላሽስ?" አልኩት።
"ወደ አዲስ አበባ
ልከን ይጠገናል።"
"መቼ?"
"ሲመቻቸው፣ አባባ።"
ዋጋውን ነገረኝ።
ለዚያ ብር ስንት ሱሪ ማሳጠር፣ ስንት ዚፕ መቀየር እንዳለብኝ
በልቤ ስቆጥር ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ከአጂፕ ዝቅ ብሎ ዘይኑ ጠጋኙ አለ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ።
ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣልን
የታደሰውን፤ ዋጋውን ከግማሽ ጥቂት ከፍ አድርጎ ጠራልን።
"ከዱባይ የመጣ፣ ውስጡ የተጠረገ፣
ማራገቢያው አዲስ፣ ፓስታው የተደረገ።"
"ፓስታ?" አልኩ። ልጄ ሳቀብኝ።
"ዋስትናው ሦስት ወር፤ ወረቀቱም እኔው ነኝ፤
ሱቄን ታውቀዋለህ፣ ቢያምፅ አምጣና ክሰሰኝ።"

እንደ ልማዴ ስፌቱን ፈተሽኩ፤
ብሎኖቹን በጣቴ አንድ ባንድ ዳሰስኩ።
አንዱ ጥርሱ ተበልቷል፤ ተከፍቼ ነበር ይላል፣ አይደብቅም።
ጆይስቲኩን የማላውቀው ልጅ አውራ ጣት አሳስቶታል፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ። አያቃስትም፤ ይተነፍሳል።

ሆኖም ሆዴ ፈራ።
የሰው እጅ የጠገበው ለልጄ ይገባል?
ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ሰውስ ምን ይለኛል?
ሙአዝ ዝም ብሏል፣ ጫማውን እያየ፤
ያንን እንዳይመኝ፣ ይህንን እንዳያጣ የተጠነቀቀ ዝምታ።
ዝናቡ ወረደ። ዘይኑ በረንዳ ላይ ቆምን።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ የመምህር ገዛኸኝ ኮት።
አንገትጌው አልቆ፣ ፊቱ ገርጥቶ አመጣልኝ፤
ፈትቼ ገለበጥኩት፣ የውስጡ ቀለም ሳይነካ ጠበቀኝ።
የግራው የደረት ኪስ ቀኝ ዞረ፤ ጉድለቱ ይቺው ናት፤
ልጁን ድሮበታል፣ ከእኔ በቀር አንድ ሰው አላያት።

ሃያ ሁለት ዓመት ከማደስ ኖሬ፣
ከታደሰ ዕቃ ልሽሽ ፊቴን አዙሬ?

አንድ ሺህ አስቀነስኩ። ሁለተኛ ጆይስቲክ አስመረቅኩ።
በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከደረቴ አስጠጋሁ፣
ባጃጁ ኮቺ እስኪደርስ እንደ አራስ ልጅ ይዤ ተቀመጥኩ።

ማታ ሦስት ሰዓት ግድም መብራት መጣ።
ሙአዝ አበራው፤ ከማያ ገጹ ስም ወጣ፦
"ያፌት ዘአጋሮ"፣
አሥራ አራተኛው በር ላይ፣ ቁልፉን ሳያገኝ የቀረ።
ዘይኑ፣ ያንተ ዱባይ አጋሮ ናት ለካ!
ስቄ ስቄ፣ ረምዚያ ከጓዳ ወጣች።

ከማሽኔ መሳቢያ አንዲት የብስኩት ጣሳ አለች፤
ከሰው ኪስ ያገኘሁትን ታስቀምጣለች፦
የአውቶቡስ ቲኬት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣
ሁለት መስመር ተጽፎ የቆመ ደብዳቤ።
ባለቤቱ ቢመጣ እሰጠዋለሁ።
ባይመጣም አልጥልም።

"ልሰርዘው?" አለኝ፣ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ።
"ተወው" አልኩት። "አንተ ከጎኑ አዲስ ክፈት፤
እሱ በሩ ላይ ይቆይ።"