ቀላሉ ጠመንጃ

ዳገቱ ረዝሞ ጉልበቷ ሲከዳት፣
የሟች ባሏ መሣሪያ እንደ ግንድ ሲከብዳት፣
ራንቬግ ዘንድሮ ቀለል ያለ ገዛች፤
በአንድ እጇ መዝናው ሱቁ ውስጥ ሳቀች።

አሁን ግን ነሐሴ፣ ከኖርዌይ ተራራ ሥር፣
የአጋዘን አደን ሊከፈት ሳምንት ሲቀር፣
ከእንጨት ጠረጴዛው፣ ከአሸዋው ከረጢት
አስደግፋው ሳለ አልረጋ አለባት።

ያ ከባዱ ቢሆን
እንደ ጠገበ በሬ ተኝቶ ያመሰኳ ነበር፤
ይሄ ፍየል ነው፤
ምላጩ ሳይሳብ ሊዘል የሚያኮበኩብ።
አንዱ ጥይት ወረቀቱን ሳተ።
ሁለተኛው ጠርዙን ላጠ።
በሦስተኛው መነጽሩ ቅንድቧን ሊፈነክት ለጥቂት።

የተኩስ ሜዳው ሹም ጉድብራንድ፣
ትንባሆውን ከንፈሩ ሥር ወትፎ፣
«ከባድ ራሱን ችሎ ይቀመጣል» አላት፤
«ቀላል ያዙኝ ይላል።
ግራ እጅሽን ከኋላው ከረጢት አንሺና
ከፊት እንጨቱን ያዢው፤
ሳታንቂው፣ እንደ አራስ ልጅ አንገት።
ከትከሻሽም አታርቂው።»

ያዘችው።
የመነጽሩ መስቀል በጥቁሩ ነጥብ ላይ
ከፍ፣ ዝቅ፣ ደግሞ ከፍ።
ነፋስ መስሏት ሣሩን አየች፤
ሣሩ ዝም ብሏል።
ቆጠረችው።
ልቧ ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ዐሥራ አንድ መኸር
ያ የብረት ግንድ ይህን ምት ውጦ
አንድ ቀን እንኳ ሳይነግራት!

ትንፋሿን ግማሽ ለቀቀች።
በምትና በምት መሐል
ለአንድ ጣት የሚበቃ በር አለ።

ተኮሰች።

«ሁለት ጣት ወደ ግራ» አለ ጉድብራንድ፣
«ለአጋዘን ይበቃል።»
እሷ ግን አልተነሣችም፤
ጉንጯን እንጨቱ ላይ እንዳሳረፈች፣
ሌላ ጥይት ሳታጎርስ፣
መስቀሉ ሲተነፍስ ታያለች።