አራት ትኬት

ፈተናው አልቆ ግቢው ሲራገፍ፣ እንደ በልግ ዛፍ ሲራቆት፣
ቤቱ ሩቅ የሆነ ብቻ ቀረ፣ ዶርሙን ታቅፎ ሊያድርበት።
ኮንሶ የሦስት ቀን መንገድ ነው፣ ገንዘቤ ለእኩሌታውም አይበቃ፤
ፍራሼን ገልብጬ ልተኛ ስል በሩ ተንኳኳ፦ "ተነስ በቃ!"

ይመር ነው። ከኋላው ዘምዘም፣ ፈንታው ደግሞ ዳቦ ይዞ፤
"ደሴን ሳታይ ወሎ ኖርኩ ልትል?" አለኝ በሩን ተመርኩዞ።
"ገንዘብ እኮ..." አልኩ። "አብሽር!" አሉኝ ሦስቱም ባንድ አፍ።
እዚህ አገር መድኃኒት ናት፣ ለራስ ምታት፣ ለባዶ ኪስ፣ ለዶፍ።
አምስት ወር ሙሉ ሰማኋት፤ አንድም ቀን ግን አላልኳትም፤
የሰው ጋቢ ትመስለኛለች፣ ትሞቃለች እንጂ ልኬ አይደለችም።

መርሳ ላይ ማንጎ ገዛን፤ ጭማቂው ክርናችን ድረስ ወረደ።
የውጫሌ ጥምዝምዝ ላይ ዘምዘምን አስመለሳት፤ ስቀን ፊቷ ነደደ።
ሐይቅ ስንደርስ ውሃው ሲያበራ፣ ኩርፊያዋን እዚያው ጣለች፤
አንገቷን በመስኮት አውጥታ "እዩ! ኧረ እዩ!" አለች።

እኔ ግን ያየሁት እርከን ነው፤ በየተዳፋቱ ድንጋይ በድንጋይ፣
የአባቴ እጅ የደረደረው መስሎኝ ብድግ አልኩ ከመቀመጫው ላይ።
"እኛም አገር እንዲህ ነው" አልኩ። ፈንታው፦ "እንኳን ደህና መጣህ ታዲያ" አለ፤
ለቀልድ ነው፤ ቃሉ ግን እንደ ማንጎው ክር ጥርሴ መሃል ተሰክቶ ዋለ።

ደሴ ብርድ ናት። ጦሳ ጉሙን ለብሶ ከከተማው በላይ ተቀምጦ፣
ሰው ለሰላምታ መሃል መንገድ ይቆማል፣ ባጃጅ ያጓራል ተቆጥቶ።
ሳንቡሳ በላን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ነው እኔ፣ መጤው ሰው፣
"ሙዚየም አለ አይደል?" ብዬ የጠየቅሁት፣ ሦስቱንም ዝም ያሰኘው።
ይመር እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ኳስ ለግቶ አድጎ፣
መንገዱን ባለ ሱቅ ጠየቀ፣ ፊቱን ባንገት ልብስ ሸሽጎ።

አራት ትኬት ቆረጥን። ሸበቶው ጥበቃ፣ ኮቱ ሁለት ቁጥር የሚበልጠው፣
"እንግዳው ማነው?" አለን። "እሱ!" አሉ።
"አራታችሁም" አለ፣ ቁልፉን እያቃጨለው።

ውስጡ የአሮጌ ቆዳ ሽታ። የቁርዓን ሉህ፣ ከበሮ፣ ስንጥቅ ገበቴ፤
አንድ የእንጨት ትራስ፦ እንዲህ ያለው ላይ ነው የሚተኛው አያቴ።
እዚህ "አትንኩ" ተብሎ ተጽፎበታል፤ እሱ ዛሬም ማታ ይተኛበታል፤
ማንኮራፋቱ ከመስታወቱ ጀርባ የመጣ ያህል ተሰምቶኛል።

ከዚያ አንድ ሳጥን። ባዶ።
ቀይ ከፈዩ በብርሃን ነጥቶ፣ መሃሉ ላይ ብቻ ክብ፣ ደማቅ፣
ዕቃው የነበረበት ቦታ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ የሚታወቅ።
ጽሑፉ ግን አልሄደም፦ "የሙሽራ የብር ድሪ። ከወረባቦ።"
"መቼ ጠፋ?" አልኩ። "ያኔ" አለ ሽማግሌው፣ የቀረውን ዋጠው አስቦ።

ዘምዘም ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ፣ "ወረባቦ የእማዬ አገር ነው" አለች፤
ሌላ እጇ ሳታውቀው አንገቷን ዳበሰ፤
ያቺ መንገዱን ሙሉ የምታወራ ልጅ ዝም አለች።
ይመር ጫማውን ያያል፣ ፈንታው ጣራውን።
እኔ የማውቀው ማጽናኛ ሁሉ በኮንስኛ ነው፣ አትሰማውም።
"አብሽሪ" አልኳት።
ዞር ብላ አየችኝ። አልሳቀችም።

መውጫው ላይ መዝገብ አለ፤ ስም፣ ቀን፣ "ከየት መጡ?" የሚል መስመር።
ይመር እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ፣ እንደ ፈተና ሊጀምር፤
"ከዚሁ" ብሎ ጻፈ በመጨረሻ፣ ትንሽ አፍሮ።
እኔ "ገለቦ" አልኩ፣ ቀጥሎ፦ "ከወልድያ"።
ውሸት አይደለም፤ ጠዋት የተነሳሁት ከዚያ ነው።
ፈንታው በትከሻዬ አጮልቆ አነበበና፣
የቀረችውን አንድ ማንጎ ከኪሱ አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጠው።