ግራ ቀኝ

አባቷ በኩርግ ኮረብታ ከዛፍ ዛፍ መሰላል አዝሎ
ቁንዶ በርበሬ ይለቅማል፣ ጣቱ እስኪጠቁር፣ ቀኑን ውሎ።
የሕክምና ትምህርት ክፍያ ጠይቆ ዋጋውን ሲሰማ
መሬቱን ከነሐረጉ ቢሸጥ ዓመት አይሞላም ለፖናማ።

መንግሥት ግን "በነጻ" አለ።
ፑኔ ላይ ጠረጴዛ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፤
አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሳታነብ ፈረመችበት።
ከታች በደቃቁ ፊደል
ዕድሜዋ ነበር የሰፈረው።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ሜዳው ገና ጨለማ ነው።
የሃምሳ አለቃ ራዋት ጉሮሮ ሌሊቱን እንደ ማረሻ ቀደደው፦
ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!
ከመቶ አርባ ጥንድ ቦቲ አንዱ ጥንድ ብቻ ይዘገያል፤
ቀኝ ሲባል ግራ ይረግጣል፣ ግራ ሲባል ግራ ይጋባል።
"የሰው አጥንት ቆጥረሻል፣ ሁለት መቶ ስድስት ነው አሉኝ፤
የራስሽን ሁለት እግሮች መቼ ነው የምትለዪልኝ?"

ጠዋት ኢላማ ተኮሰች።
ማታ ሸሚዟን ተኮሰች፣ የእጅጌው መስመር ስለት እስኪመስል።
በማግስቱ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ የሚያንጠባጥብ የደም ሥር ተኮሰች፤
ጭሱ ጭንብሏን አልፎ ገባ።
ያው አንድ ቃል ነው። ያው አንድ እጅ።
የትኛው እንደሚያስፈራት ለማንም አልተናገረች።

ዓመታት አለፉ። ሻምበል ሆነች።
ከላዳክ በላይ፣ የበረዶ ግግር ጫፍ፣
ሩዝ የማይበስልበት ከፍታ፣ እንቁላል የሚሆን ዓለት፤
ጠላት ማዶ ነው ይላሉ፤ እሷ ግን አይታው አታውቅም፣
ጥይት የመታው አልመጣም፣ ብርድ ነው የሚመጣላት።

ነፋስ ሄሊኮፕተሩን ከልክሎ በዘጠነኛው ሌሊት
ጢሙ በረዶ የያዘ ሰው በቃሬዛ አመጡላት፤
ከእሱ በፊት ሽታው ደረሰ።
ቦቲውን በመቀስ ቀደደች። ካልሲው ከቆዳ አልላቀቅ አለ።
አምስቱም ጣቶች ጠቁረዋል፣
ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ቁንዶ በርበሬ።
ቀና ብላ ፊቱን አየች። አወቀችው። አወቃት።

"ዶክተር" አለ፣ ያ ድምፅ ተሸንቁሮ፣ "የትኛው ነው የሚቆረጠው?"
ዝም አለች። ነፋሱ ሸራውን ይደበድባል።
"ግራ" አለችው።
"ግራ" አለ ራዋት። ቆየት ብሎ፣ በከንፈሩ ጥግ ስቆ፣
"እርግጠኛ ነሽ? እኔ እኮ አውቅሻለሁ።"

ብዕር አወጣች።
በግራው ቁርጭምጭሚት ላይ ክብ ሠራች፤
በቀኙ ላይ፣ በትልቁ፣ "ይቺ አይደለችም" ብላ ጻፈች።
የጻፈችውንም፣ አቀርቅራ፣
ሁለት ጊዜ አነበበች።

ውጪ ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈ።
መተኮሻው ጋለ።