ገጽ አርባ ሁለት

ደብዳቤው ከባሕር ዳር ደርሶ ማክሰኞ ዕለት፣
«ይውጣ» ይላል፣ «ይተካ፤ ገጽ አርባ ሁለት።»
ክረምት ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ይጮሃል፤
በአንገረብ በኩል ጎርፍ መጣ ይባላል፤
መብራት ጠፍቷል። እኔ ሻማ አብርቼ፣
ሃያ ሦስት ክላሰር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣
የብረት ጥርሱን እከፍታለሁ፤ ቀጭ።
አዲሱ ገቢ፣
አሮጌው ወጭ።

አሮጌው አጭር ነበር፣ ቃሉም ድፍን፦
«ያልወላወለ ምስክር ይታመን።»
አዲሱ ይጠይቃል፣ እንደ ነገረኛ ልጅ፦
«ከስንት ክንድ አየው? ፊት ነው ወይስ እጅ?
ጨረቃ ነበረች? ደመናስ ነበረ?
ያውቀዋል ከድሮ? ወይስ ያን ለት ጀመረ?
ይህንንም ዳኛው ያስተውል፦
ከእውነት ጋር አንድ አይደል አለመወላወል።»

ደግ ነው። ማን ይከፋዋል?
አያቴ በዘንጉ መሬቱን እየወጋ
«በላ ልበልሃ» ሲል፣ የሕጉ ገጽ ከአፉ ጋ
ነበረ፤ ማንም አይነቅለው፣ ማንም አይተካው።
አሁን ግን እኔ ነኝ፣ ሰም በነካው ጣቴ፣ የምነካው።

አሥራ አንደኛው ላይ እጄ ቆመ።
የዳኛ አቸነፍ ነው፤ ጡረታ ወጥተው፣ ከርመው፣
ከጥምቀት ማግስት ልደታ የቀበርናቸው።
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈታቸው፦
«ሙጬ እንየው፣ ጠዳ። የአውድማ ቃጠሎ።
ምስክር አንድ፤ በሌሊት። ስምንት ዓመት።»
ከሥሩ ብቻውን፣ ሁለት ፊደል፦
«ቆይ።»

ፊርማ ሳያኖሩ ነው የጻፉት? ወይስ አኑረው?
እርሳስ ቀን አይጽፍም፤ የሚጠየቁት አፈር ናቸው።

ሙጬ ግን አለ። ስምንቱን ጨርሶ
በአዘዞ መንገድ ጎማ ይነፋል፣ ቱታ ለብሶ።
ብስክሌቴን ሲጠግንልኝ አንድ ቀን
ዋጋውን እንጂ ሌላ ቃል አልተናገርን።
ጨረቃ በወጣች ሌሊት፣ ይላሉ ጎረቤቶቹ፣
በር ዘግቶ ይቀመጣል፤ አይወጣም ከደጁ።
ለእርሱ የትኛው ገጽ ይወጣል? የቱ ይገባል?
ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ተነበበ፤ ይህን አይልም።

አሮጌዎቹ ይቃጠሉ ተብሏል፤ ይቃጠላሉ።
አዲሱን ከተትሁ፤ ኅዳጉ ነጭ፣ ምንም ያልነካው፣
ገና ማንንም ያላሰረ፣ ማንንም ያልፈታ።
እርሳሴን ቀረጽሁ።
ከጠርዙ፣ የብረቱ ጥርስ በሚሸፍነው ቦታ፣
የሞተ ሰው እጅ እየኮረጅሁ፣ ሁለት ፊደል ጻፍሁ።

ከዚያ አሥራ ሁለተኛው።
ቀጭ።