በክብሪት ቀፎ የተላከ

ይኸው ላክሁልህ፣ ቃሚሶ፣ በክብሪት ቀፎ አድርጌ፣
ሚሞሪዋን በጥጥ ጠቅልዬ፣ በፕላስተር አሽጌ።
የሚያመጣልህ ዱካሌ ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀው ባጃጅ፤
ሂሳቡን ከፍያለሁ፤ ቢጠይቅህ እሺ አትበል፣ ወዳጅ።

አራት ደቂቃ ከምናምን ናት። ስም ገና አላወጣሁላትም፤
«አንቺ» ስላት ዞራ ታያለች፤ ለጊዜው ሌላ አያሻትም።
በባቲ ጀምራ መሐል ላይ ቅኝቷን ትረሳለች፤
ተመለሺ ብላት እንቢ አለች፤ ወደ ሐይቁ ወረደች።

ስቱዲዮ አትጠይቀኝ። አልጋዬ ሥር፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣
ስልኬን ጫማ ውስጥ አቁሜ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ፣
አረብ ሰፈር መብራት ሲጠፋ፣ ወፍጮው አፉን ሲዘጋ፣
ጎሚስታው ጎረቤቴ መዶሻውን ጥሎ ሲተኛ፣ ሳይነጋ።

አምስቴ ጀምሬ አምስቴ ተውኩት። በስድስተኛው ልቤ ሲባባ፣
አንድ አባ ኮዳ ቆርቆሮው ላይ አረፈ፤ ቢሮ እንደ ዘገየ ሹም ገባ።
ዷ… ዷ… ዷ… ክንፉን ከተተ፣ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ፤
(ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ትሰማዋለህ) ጣቴም ትንሽ ራደ።
እንደገና ልቅዳ አልሁና ተውኩት። ኪራዩን እኔ ብከፍልም፣
ጣራው ላይ እሱ ነው ከእኔ የቀደመ፤ ውጣ አይባልም።

ክሩን ታውቀዋለህ፤ አሞራ ገደል አብረን የገዛነው፣
ያ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «ቆሮሶ ልትይዙበት?» ብሎ የሳቀብን ነው።
አምስቱ የመንጠቆ ናይለን፣ ስድስተኛው ከፍሬን ሽቦ የተፈታ፤
ሲመቱት ዓሣ ዓሣ ይላል። አትሳቅ፤ ድምፅም ይሸታል ማታ ማታ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ ጆሮ ጣልሁልህ፤
ሳላንኳኳ ተመለስሁ፤ እጅህ ሲሮጥ ፈራሁልህ።
የምታውቀውን ሠላሳ ጊዜ፣ የማታውቀውን እየዘለልህ፣
ጉድጓዱን እንደሚሸሽ የታቦር ባጃጅ ዞር እያልህ።

እንደሱ አይደለም። ዘፈኑን ተወው። እንቅፋቱን ብቻ ተጫወት፤
ያቺን የምትሰናከልባትን፣ ከፊቷም ከኋላዋም ሁለት ሁለት ምት።
ቀስ። ከዚያም ቀስ። እንቁላል በእግሩ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤
ጣት ግን አይቻለሁ፤ መንገዱን ካወቀ ማንንም አይጠይቅም።

ምት ቆጣሪ አትግዛ፤ ግቢያችሁ ውስጥ የሚንጠባጠብ ቧንቧ እያለ!
እናትህ ላስጠግነው ካለች ለምናት፤ ባልዲ ሥሩ ይቀመጥ፤ ምን ጎደለ?
በአንድ ጠብታ አንድ ምት። ሲሰለችህ ክራሩን ስቀል፤
በአፍህ አንጎራጉረው፤ አፍ ያላወቀውን እጅ አይችል።
ራስህን ቅዳ። ቀድተህም ዛሬ አትስማው፤ ለነገ አሳድረው፤
የዛሬ ጆሮ ዘመድ ነው፣ ጥፋትህን በጋቢው ሸፍኖ የሚያሳልፈው።

*

ሐሙስ። ቀፎው ተመልሶ መጣ። ዱካሌ ከነሳቁ አስረከበኝ፤
ቁራጭ የደብተር ወረቀት፣ በእርሳስ፤ የዶሮ ጭረትህ አደከመኝ፦

«ጋሼ፣ አዲሷን ሰማኋት። አሳድሬም ደገምኋት ማለዳ።
ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ምቱን የጠበቀው አባ ኮዳ።
እርስዎ ዘለሏት፣ ያቺን መታጠፊያ፤ ቧንቧው ይመሰክራል፤
በአራተኛዋ ጠብታ መግባት ነበረብዎ፤ በሦስተኛዋ ገብተዋል።»

ተናደድሁ። ወረቀቱን ጨመደድሁ። ክራሩን አነሳሁ ላሳይህ።
መታሁ፤ ዘለልኋት። ደግሜ መታሁ።
ልክ ነህ።
ሃያ ዓመት በሐዋሳ ሆቴል ለሆቴል ስጫወት፣ ከበሮው እየሸፈነኝ፣
ያቺን ጉድጓድ ዞሬ ሳልፍ፣ መንገድ መስላኝ ኖራለች፤ ማንም ሳይነግረኝ።

አሁን ሌሊት ነው። ወፍጮው ተኝቷል። እኔ ቧንቧ የለኝም፤
ጣራው ላይ ግን ዷ… ዷ… ይላል፤ ተመስገን፣ እሱም አልተኛም።
ሁለት ምት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ቀስ። ከዚያም ቀስ።
ዜማዋን ለማንም አታሰማ፤ አራተኛዋ ጠብታ እስክትደርስ።